ጸሐይ ያልፈተነው ደወል

ሌላው ሰው ከሥራ ሲሰናበት ካባ ያለብሱታል፣ ፎቶ ያነሱታል። እኔ ከሪያድ ይዤ የወጣሁት ዓረቦቹ ሩዝና ሥጋ የሚያቀርቡበት የከብሳ ትሪ ነው፤ ያውም ዳር ዳሩ የጎበጠ፣ ጀርባው በጸሐይ የነጣ። ኮምቦልቻ ስደርስ ባለቤቴ ሻንጣውን ከፍታ አየችውና «ይሄን ሁሉ ዓመት ሠርተህ ያመጣኸው ይሄን ነው?» አለችኝ። ሳቅኩ እንጂ አልመለስኩላትም። የትሪውን ነገር ለመናገር ከሥሩ መጀመር ያስፈልጋል፣ እኔ ደግሞ ያኔ ደክሞኝ ነበር። አሁን ጊዜ አለኝ፤ ከጊዜ በቀር ምን አለኝ!

ስሜ ሰዒድ ነው። የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሠራተኛ ነበርኩ። «ነበርኩ» ማለት ራሴኑ ያናድደኛል፣ ግን እውነት ነው። በፈረንጆቹ 2016 አለቃዬ አቡ ናስር መላዝ ሰፈር ያለውን ሱቃችንን የሞባይል መሸጫ ሊያደርገው ተነሳ። ብዙም ሳይቆይ የሞባይል ሥራ ለሀገሩ ልጆች ብቻ ነው ተባለ። እኔም ዓይኔ ደክሞ ስለነበር ኹሩጅ ኒሃኢ፣ ማለትም የመጨረሻ መውጫዬን አስመትቼ ወደ ሀገሬ ገባሁ። ቢሆንስ አሁን ማን ዕቃ ያስጠግናል? ሁሉም ነገር አንድ ቺፕ ውስጥ ታጭቆ ገብቷል፤ ሲበላሽ ይጣላል።

ሥራውን የለመድኩት ደሴ፣ የሬዲዮ ጠጋኝ ቤት ውስጥ ነው። ከዚያ ጅዳ የመጋዘን ሚዛን የሚያስመጣ አንድ ቁጡ ሰው ዘንድ ሠራሁ፤ ሰውዬው ሲናደድ ሚዛኑ ላይ ወጥቶ ይቆም ነበር፣ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ከሱ ሸሽቼ ነው ሪያድ፣ አቡ ናስር ዘንድ የገባሁት። አቡ ናስር ሳቂታ ነው፣ ችኩል ነው፣ ደሞዝ ያዘገያል ግን አይክድም። ስለሱ ይኼ ይበቃል።

የሱቃችን እንጀራ የማይግባቡ ዕቃዎችን ማግባባት ነበር። ሚዛኑን ከኮምፒውተር፣ የደረሰኝ ማተሚያውን ከገንዘብ መቀበያው። እነዚህ መሣሪያዎች በአንዲት ሽቦ ፊደል በፊደል፣ ተራ በተራ ይላላካሉ፤ ሲሪያል የምንለው ይኼንኑ ነው። ጣጣው ሁሉም በየራሱ ቮልት የሚናገር መሆኑ ነው። የድሮዎቹ ይጮሃሉ፤ አሥር ቮልት ገደማ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ያንኑ ያህል ከዜሮ በታች ይወርዳሉ። ከነሱ በኋላ የመጡት አምስት ቮልት ይበቃቸዋል። አዲሶቹ ደግሞ ሦስት ነጥብ ሦስት፤ ሹክሹክታ በለው። ጯሂውን ከሹክሹክተኛው ጋር በቀጥታ ብታገናኘው ጆሮውን ያቃጥለዋል። ሹክሹክተኛው አምስት ቮልቱን ያናግር ብትል ደግሞ ባለ አምስቱ አንዳንዴ ይሰማል፣ አንዳንዴ አይሰማም። ስለዚህ መሃል ላይ የአንዱን ከፍ፣ የሌላውን ዝቅ የምታደርግ ትንሽዬ ቺፕ ትገባለች። ለዚች የጥፍር ታህል ነገር ነው ዕድሜዬን የሰጠሁት።

ይህን ያስተማሩኝ ጋሽ ይማም ናቸው። የወሎ ሰው ናቸው፣ የሀገሬ ልጅ፤ እኔ ሪያድ ስደርስ ሱቁ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ያረጁት እሳቸው ነበሩ። ሲናገሩ ቀስ ይላሉ፣ ሲቆጡም ቀስ ይላሉ። ሁለት ዕቃ ሊያገናኙ ሲሉ መጀመሪያ የሁለቱን ግራውንድ፣ ዜሮአቸውን፣ በአንድ ሽቦ ያስሩታል። «ዜሮ የት እንደሆነ ያልተስማሙ፣ አምስት የት እንደሆነ በምን ይስማማሉ?» ይሉኛል። ቀጥሎ ማንም ሳይናገር፣ መስመሩ ዝም ባለበት፣ የሁለቱንም ቮልት በቴስተር ይለካሉ። «ሰው ዝም ሲል ነው ጠባዩ የሚታወቀው፤ ዕቃም እንደዚያው» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ነው መበየጃ የሚያነሱት።

ትልቁ ልማዳቸው ግን ጣሪያው ነበር። አንድ ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ሲሠራልኝ እንደ ሕፃን እፈነድቃለሁ።

«ጋሼ፣ ሠራ!»

«የት ሠራ?»

«ይኸው፣ እዚሁ ጠረጴዛው ላይ።»

«ጠረጴዛው ላይ ማን ይኖራል? ኤሲ ሥር አንተም ትሠራለህ። ያላ፣ አውጣው።»

ማውጣት ማለት ያንን የከብሳ ትሪ ይዞ ጣሪያ መውጣት ነው። ዕቃዎቹን ትሪው ላይ ደርድረን፣ ከውኃ ታንከሩ ጎን እናስቀምጣቸዋለን፤ ኤሌክትሪኩን በረጅም ገመድ እንስብላቸዋለን። ከዚያ ወርደን የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን እንሰግዳለን። ስንመለስ ትሪው በፎጣ ካልሆነ አይያዝም። ጋሽ ይማም አናታቸው ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርገው፣ እዚያው ጸሐይ ላይ ቁጢጥ ብለው እያንዳንዱን ይፈትናሉ። የሪያድን የሰኔና የሐምሌ ጸሐይ የማያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ቀልድ ይመስለዋል።

አንድ ጊዜ የአትክልት ነጋዴ ሚዛን መጣልን። አዲስ ቦርድ ቀይረንለት፣ ሳምንቱን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ አንድ ግራም ሳይሳሳት ሠራ። ጣሪያ ስናወጣው ቲማቲሙን ግመል አሳከለው። ጋሽ ይማም ቴስተራቸውን አስገቡና ሽቦውን አሳዩኝ። ሦስት ነጥብ ሦስት ቮልቱ ያለ አስተርጓሚ ቺፕ አምስት ቮልት ውስጥ ገብቷል። ሲሞቅ የላኪው ድምፅ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ የተቀባዩም ጆሮ ትንሽ ይደነድናል፣ ያቺ ትንሽና ይቺ ትንሽ ተደምረው መስማት ይቀራል።

«ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት ሠራ?» አልኳቸው።

«በምሕረት ነዋ የሠራው» አሉኝ። «በመብቱ አልነበረም። ሰዒድ፣ በምሕረት የሚሠራ ዕቃ ለሰው አትስጥ።»

በ2013 ግን የሰዎቹም የምሕረት ጊዜ አለቀ። ወረቀታችሁን አስተካክሉ የተባለው ጊዜ አብቅቶ ፍተሻ ተጀመረ። ጋሽ ይማም ኢቃማቸው፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው ላይ የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው፤ ከፊላቸውም፣ ማለት ወረቀቱን የያዘላቸው ስፖንሰር፣ ሌላ ሰውዬ እንጂ አቡ ናስር አይደለም። ቧንቧስ በሕይወታቸው ነክተው አያውቁም፤ የምንኖርበት ቤት ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ሰው ጠርተው ነበር የሚያሠሩት! ለከፊሉ ደውለው ደውለው ስልኩን አላነሳም። በመጨረሻ «ተይዤ ከምሄድ ሄጄ ልያዝ» አሉና አንድ ቦርሳ ይዘው እጃቸውን ሊሰጡ ተነሱ። ሱቁ በር ላይ ቆመው ትሪውን በእጅጌያቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው ሰጡኝ።

«እንዳትበላበት» አሉኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ ይሄ ላይ ማን ይበላል!» ብዬ ሳቅኩ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ተቃቀፍን። ከኋላቸው ሳይ ትከሻቸው ያጠረ መሰለኝ።

ያን ሰሞን ወረቀት የሌለው ሰው የሚደበቀው ጣሪያ ላይ ነበር። የሕንፃችን ባለቤት ሰው ደበቅክ እንዳይባል ፈርቶ የጣሪያውን በር በሰንሰለት ቆለፈው፤ ቁልፉን ለሐሪሱ፣ ለዘበኛው ሰጠና ማንም እንዳይወጣ አለ። እኔም ኢቃማዬ ደህና ቢሆንም ፈራሁ፤ ያን ጊዜ ያልፈራ ሰው የለም። «ጣሪያ ልውጣ» ብሎ መጠየቁ ራሱ ያስጠረጥራል። ትሪው የሻይ ብርጭቆ ማቅረቢያ ሆነ። ዕቃው ጠረጴዛ ላይ ከሠራ ባለቤቱ ይወስደዋል፣ ኸላስ።

ሐዋን ያወቅኳት በቀጣዩ የሪያድ የሙቀት ወራት፣ በ2014 ነው። ኻሊድ የሚባል የራውዳ ሰፈር ሰው፣ አስተማሪ፣ የእናቱን የትንፋሽና የልብ ምት መለኪያ ሊያስጠግን መጣ። አሮጊቷ ታመው ብዙውን ጊዜ አልጋ ላይ ናቸው፤ ጣታቸው ላይ የሚቆነጠጥ ነገር አለ፣ እጃቸው ሥር ደግሞ ችግር ሲገጥማቸው የሚጫኑት ቁልፍ። መሣሪያውን በደንብ የምታውቀው የቤት ሠራተኛው ስለሆነች አብራው መጣች። እኔ አንድ እምቢ ያለኝን ብሎን በአማርኛ ስራገም ሰማችኝ።

«ውይ! ወንድሜ፣ የኛ ሰው ነህ?» አለች በኒቃቧ ውስጥ ሆና።

የባቲ ልጅ ነች፤ ልጆቿን እዚያው ትታ ነው የመጣችው። ኻሊድ ስልክ ሊያናግር ሲወጣ ቶሎ ቶሎ አወራችኝ። «ይሄ ነገር ሲጮህ እኔ ክፍል ድረስ እንዲሰማ ማድረግ ይቻላል? ክፍሌ ላይ ጣሪያው ጋ ነው። እዚያ ከወጣሁ አይሰማኝም፤ ስለዚህ ከማማ፣ ከእናትዬው አልጋ ሥር ምንጣፍ ላይ ነው የምተኛው። መተኛት ይባል እንደሆነ! እሳቸው በተገላበጡ ቁጥር እነሳለሁ። አሁን ደግሞ ረመዳን ነው፤ ሌሊቱን በሙሉ ወጥ ቤት ነኝ፣ ቀን ደግሞ ቤቱ ሁሉ ሲተኛ እኔ ማማን እጠብቃለሁ። ወላሂ ጋሼ፣ እንቅልፍ ሊገድለኝ ነው።»

ኻሊድ ሲመለስ ነገሩን እንደ ራሴ ሐሳብ አድርጌ በዓረብኛ አቀረብኩለት። ክፉ ሰው አይደለም። አሰብ አደረገና «ደወሉ የሚደውል ከሆነ ከዙሁር እስከ ዐሱር፣ እስከ ከሰዓቱ ሶላት፣ ክፍሏ ወጥታ ትረፍ» አለ። ሐዋ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው፤ ያ ዓይኗ ሳቀ።

ሥራው ለኔ ከባድ አልነበረም። ያ መለኪያ ከጀርባው የሲሪያል መውጫ አለው፤ ከጯሂዎቹ ወገን ነው። መልእክቱ ከሱ በረጅም ሽቦ ወደ ላይኛው ክፍል ይሄዳል። እዚያ ያለችው ሳጥን ውስጥ ጩኸቱን ዝቅ የምታደርግ ቺፕ አስገባሁ። ቺፗ መልእክቱን ለትንሽዬ አዲስ ቦርድ ትሰጣለች፤ ቦርዷ በሦስት ነጥብ ሦስት ነው የምትሠራው። ቦርዷ ደግሞ ከባንክ ወረፋ መጥሪያ ላይ የፈታነውን አሮጌ ደወል ታዝዛለች፤ እሱ ባለ አምስት ቮልት ነው። እዚህ መሃል ሁለተኛ አስተርጓሚ ቺፕ ያስፈልጋል። ሱቅ ውስጥ የነበረችው አንዷ ተቃጥላ ተገኘች። ዕቃ የምንገዛባቸው ሱቆች የረመዳን መጨረሻ ስለሆነ ተዘግተዋል፤ ከዒድ በኋላ ነው የሚከፍቱት።

ሐዋ የስልክ ቁጥሬን ይዛ ነበር። ደወለች።

«ጋሼ ሰዒድ፣ አልደረሰም? ትናንት ቆሜ ሳህን ሳጥብ እንቅልፍ ይዞኝ ሄዶ ግንባሬን ከቧንቧው ጋር አጋጨሁት።»

አንጀቴን በላችው። አቡ ናስርም ከወዲያ «ያ ሰዒድ፣ ይደውላል አይደለም እንዴ? ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?» ይለኛል። ይደውላል። ቦርዷን ከደወሉ ጋር በባዶ ሽቦ አገናኝቻት ቀኑን ሙሉ ስፈትናት አንዴም አልሳተችም። ቺፗን ከዒድ በኋላ እጨምርላታለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ቢሆንም ከነከነኝና ሐዋን «ክፍልሽ ይሞቃል ወይ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«አልሐምዱሊላህ ጋሼ፣ ደህና ነው።»

የክፍሏ ኤሲ ከተበላሸ መክረሙን ኋላ ነው የሰማሁት። የኛ ሰው እንዲህ ነው፤ እንዴት ነህ ስትለው እሳት ውስጥ ሆኖም ደህና ነኝ ይልሃል። ወጥቼ እንዳላይ የሴት ሠራተኛ ክፍል ባዕድ ወንድ አይገባበትም። ሽቦውን የቤቱ ሾፌር በመስኮት አሳለፈው፣ ሳጥኗን ሐዋ ራሷ ስልክ ላይ እየነገርኳት ሰካቻት። ስንሞክራት ጠዋት ነበር፤ ደወለች። በማግስቱ ሐዋ ድምፅዋ ተለውጦ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ተኛሁ! ልብሴን ሳልቀይር እንደ ድንጋይ ተኛሁ! አላህ ጀነትን ይስጥህ።» ያን ዕለት ደስ ብሎኝ ለአቡ ናስር ቤት ሁሉ ቴምር ገዛሁ።

አንድ ቀን በቀትር፣ ቤቱ ሁሉ በጾም እንቅልፍ ላይ ሳለ፣ አሮጊቷ ትንፋሽ አጠራቸው። ቁልፉን ተጫኑ። ደጋግመው ተጫኑ። ደወሉ አልደወለም። ሊነሱ ሲሞክሩ ከአልጋ ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ሐዋ ለዐሱር ተነስታ ስትወርድ ወለል ላይ ሲያቃስቱ አገኘቻቸው። ኻሊድ ተሸክሟቸው ወደ ሹመይሲ፣ ወደ ሆስፒታል በረረ።

በማግስቱ ከዐሱር በኋላ እኔና አቡ ናስር ተጠራን። ኻሊድ ሳጥኗን ከላይ አስወርዶ መጅሊሱ፣ የእንግዳ መቀበያው ምንጣፍ ላይ አስቀምጧታል። መጅሊሱ ኤሲው ተለቆበት ሰውነት ያንቀጠቅጣል። ሐዋ በሩ አጠገብ ቆማለች፤ ሻንጣዋ ተዘግቶ እግሯ ሥር ነው።

«ደወሉ አልደወለም ትላለች» አለ ኻሊድ። ዓይኑ ቀልቷል። «እናቴም ተጫንኩ ትላለች። እስቲ አንተ ንገረኝ።»

መለኪያውን አምጥተው ሰኩት። ቁልፉን ተጫነ። ሳጥኗ ደወለች። እንደገና ተጫነ፣ ደወለች። አሁንም አሁንም ተጫነ፤ አቤት አደዋወሏ፣ የተረገመች! በሥራ ዘመኔ የሠራሁት ዕቃ ሲሠራ እንደዚያ ቀን ያለቀስኩበት የለም፤ እንባዬን ወደ ውስጥ ነው የዋጥኩት።

«ጥፋቱ የኛ ነው» አልኩት። «አንዲት ቺፕ ይጎድለዋል። እዚህ ስለቀዘቀዘ ነው የሚሠራው። ላይ፣ ሙቀት ውስጥ፣ አይሠራም። ይቺ ልጅ እውነቷን ነው።»

«እየሠራ አይሠራም ትለኛለህ?»

«ነገ በቀትር ጣሪያ ላይ እንሞክረው።»

«ባዕድ ሰው የቤቴ ጣሪያ ላይ አይወጣም።»

«እሺ፣ አንተው ራስህ አውጣው። እኔ በር ላይ እጠብቃለሁ።»

«እናቴ ሆስፒታል ተኝታ አንተ ስለ ሽቦ ታወራኛለህ!» ብሎ ተነሳ። «የሀገርህ ልጅ ስለሆነች ነው የምትመሰክርላት። ተኝታ አልሰማች ከሆነ ተኝቼ ነው ትበል፣ ይቅር እላት ነበር። ውሸቱ ነው የገደለኝ።»

አቡ ናስር እጄን ይዞ «ኸላስ ሰዒድ፣ ያላ» አለኝ። እኔ ግን ከሳጥኗ አጠገብ አልነቃነቅም አልኩ። ያኔ ሐዋ በአማርኛ ተናገረች፣ ረጋ ብላ።

«ጋሼ ተወው። በኔ ጦስ አንተም እንዳትባረር። ብቻ እኔ አልተኛሁም ነበር፤ ሙቀቱ አላስተኛ ብሎኝ ጋደም ብዬ ነው የነበርኩት። ደወሉን እየጠበቅኩ ነበር። ደወሉ አልደወለም። እሱን ብቻ እወቅልኝ።»

«አውቃለሁ እህቴ» አልኳት።

ዒድ ሳይደርስ ሸኟት። ሌላ ቤት እንኳ እንዳትሠራ ኹሩጅ ኒሃኢ መትተውባት ነው የሄደችው።

ሀገራቸው ገብተው ኮምቦልቻ ለነበሩት ለጋሽ ይማም ደወልኩላቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሲጨርሱ፣ ማለቴ እኔ ስጨርስ፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ጣሪያ አውጥተኸው ነበር?»

«ጣሪያው ተቆልፏል ጋሼ። እርስዎ ከሄዱ ጀምሮ ተቆልፏል።»

«እንግዲያ እኔም ብኖር አላወጣውም ነበር» አሉ። ሊያጽናኑኝ ብለው እንደሆነ ገብቶኛል። እሳቸው ቢኖሩ ሰንሰለቱን በጥርሳቸው ይበጥሱት ነበር።

ከዒድ በኋላ ልክ እንደዚያችው ያለች ሳጥን ሠራሁ፤ ያው ቦርድ፣ ያው ደወል፣ ያው ባዶ ሽቦ። ከሐሪሱ እግር ሥር ልወድቅ ምንም አልቀረኝ፤ በመጨረሻ አብሮኝ ቆሞ ሊጠብቀኝ ተስማምቶ ሰንሰለቱን ፈታልኝ። የሻይ ብርጭቆዎቹን አነሳሁና በትሪው ይዣት ወጣሁ። ዙሁር ሰግጄ ስመለስ ቁልፉን ተጫንኩ። ዝም። ደጋግሜ ተጫንኩ፣ ዝም። ቴስተሩን ሳስገባ ሦስት ነጥብ ሦስቱ ወደ ሦስት ወርዷል፤ ደወሉ ሊሰማው አልቻለም። ሐሪሱ «ማፊ?» አለኝ፤ የለም ወይ ማለቱ ነው። «ማፊ» አልኩት። የጣሪያው ጸሐይ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ፤ ሐሪሱ ነው ጎትቶ ያወረደኝ።

ኻሊድ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ጠብቄ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። «እንዳይሠራ አድርገህ መሥራት ለአንተ ምን ይቸግርሃል?» አለኝና መኪናው ውስጥ ገባ። አልተቆጣሁትም። እሱ ያየው ሲደውል ነው፤ ሰው ባየው ነው የሚፈርደው።

ያቺ ሳጥን እዚያው ቤት ቀረች፤ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሠራተኛ ገባች። የሪያድን የብርድ ወራት በሙሉ ደወለች አሉ። ሙቀቱ ሲመለስ፣ በ2015፣ ኻሊድ ራሱ ሱቅ መጣ። ሳጥኗን በፌስታል ይዟታል። ጣሪያ ላይ የውኃ ታንከር ሊያይ ወጥቶ ሳለ፣ እናቱ ታች ቁልፉን እየተጫኑ በሞባይል «ለምን አትመጡም?» ብለው ይጠሩታል፤ እሱ ደወሉ ካለበት ክፍል በር ፊት ለፊት ቆሟል፤ ዝም ብሏል ደወሉ።

«አስተካክለው» አለኝ።

ቺፗን ለማስገባት ሻይ አፍልቶ የመጠጣት ያህል እንኳ ጊዜ አልፈጀብኝም። ይኼን ያህል ነገር ነበረች። ከዚያ ትሪው ላይ አድርጌ ጣሪያ አወጣኋት፤ ሐሪሱም አሁን ነገሩን ስለሚያውቅ ሳልጠይቀው ከፈተልኝ። ኻሊድን «ና አብረን እንውጣ» አልኩት። መጣ። ከዙሁር በኋላ፣ ትሪው እንደ ምጣድ ሲግል፣ ራሱ እንዲጫነው አደረግኩ። ደወለች። ደጋግሞ ተጫነ፤ ላብ በአገጩ ይወርዳል።

«ሐዋ...» አልኩ።

«በብርዱ ወራት ይሠራ ነበር እኮ» አለ፤ እያየኝ አልነበረም፣ ትሪውን ነበር የሚያየው። «ኸላስ። ያለፈ አለፈ» ብሎ ሳጥኗን በፎጣ ጠቅልሎ ወረደ።

ትሪው አሁን ኮምቦልቻ፣ ቤታችን ቆርቆሮ ላይ ነው። የጎረቤት ሬዲዮም ቢሆን ጸሐይ ሳያየው አልሰጥም። ባለፈው አንዲት ልጅ «ጋሼ፣ ይሠራል አይደል፣ ስጠኝ ልሂድበት» ብትለኝ ጮህኩባት፤ ኋላ ቤቷ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። ባለቤቴ ሰውዬው ሪያድ ራሱን ጸሐይ መቶት ነው የመጣው እያለች ታሾፍብኛለች።

ያስቀረሁት አንድ ነገር አለ። ኻሊድ ሳጥኗን ይዞ በሄደ ሰሞን፣ ጋሽ ይማም ባቲ ሰኞ ገበያ ወርደው ጠያይቀው የሐዋን ስልክ አገኙልኝ። ከሪያድ ደወልኩላት። ጣሪያ ላይ የሆነውን፣ ኻሊድ በዓይኑ ማየቱን፣ ሁሉን ነገርኳት።

«ስሜን አነሳ?» አለችኝ።

መዋሸት ይቻል ነበር። «እኔ ነኝ ያነሳሁት» አልኳት። «እሱ አላነሳም።»

«እሺ።» ከኋላዋ የፍየል ድምፅ ይሰማል። «ማማ እንዴት ናቸው?»

«በከዘራ መሄድ ጀምረዋል አሉ።»

«አልሐምዱሊላህ። አሁን ያለችው ልጅስ፣ ቀን ትተኛለች?»

«ትተኛለች። ደወሉ አሁን በመብቱ ነው የሚሠራው፤ እሳት ውስጥ ብታስቀምጪው ይደውላል።»

«እሰይ፣ ትተኛ» አለች። «እኔ ግን ጋሼ፣ እስካሁን ቀን ጋደም ስል ያ ደወል ይደውል ይሆን እያልኩ እጠብቃለሁ።»

ስለ ልጆቿ ጠየቅኳት። ደህና ናቸው አለችኝ።